አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚጠይቅ ምግብ ቤት

…አባቴ ማንኪያውን ይዞ ነበር። አላስቀመጠውም፣ ወደ አፉም አልወሰደውም። የሾርባው እንፋሎት እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ እሱ ግን ገና ሰው እንደሚመጣለት ሁሉ ቀና ብሎ ይጠብቅ ነበር። እኔም ከፊት ለፊቱ ሆኜ፣ አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ እያወቅሁ፣ ምን ማለት እንዳለብኝም እያወቅሁ፣ የጨው ዕቃውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ቀኝ

ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤ የሚጀመረው በሰላምታ ነው።

ለተከበሩ የምግብ ቤታችን አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፦ ጤናዎ እንደ አዲሱ ወለልዎ የሚያበራ፣ እንቅልፍዎ እንደ አዲሶቹ መጋረጃዎች የከበደ፣ የምግብ ፍላጎትዎም ከአባቴ የተሻለ ይሁንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ ሰላምታ ላይ እንዲህ ስለሚባል ነው።

ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የሰጠሁት ለመዳፈር እንዳልሆነ በቅድሚያ ይረዱልኝ። ቀደም ሲል ለእርስዎ ብቻ የጻፍኩት ደብዳቤ ክቡር መልስዎን አግኝቷል፤ «ውድ ደንበኛችን፣ አስተያየትዎ ለእኛ እጅግ ውድ ነው» ይላል። ደስ ብሎኝ በደረት ኪሴ ይዤው ስዞር፣ ጎረቤቴ ጫማ ጠጋኙ ያንኑ መልስ ቃል በቃል ማግኘቱን ነገረኝ። እሱ የጻፈልዎት ምግብ ቤትዎ ውስጥ ስለጠፋ ጃንጥላው ነበር። መልሱ የጋራችን ከሆነ ደብዳቤውም የጋራ ቢሆን ነውር የለውም ብዬ አሰብኩ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ፤ ደንበኛ ብዙ ነው፣ ሁሉም ውድ ነው፣ መለየቱ ያስቸግራል። ከምግብ ቤትዎ ማዶ ባለችው ሱቅ መነጽር የምሠራው ነኝ። የአዛውንቱ ልጅ፣ የጥግ ጠረጴዛው። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ፣ አባቴን ከቤት አምጥቼ፣ ክንዱን ይዤ መንገዱን አሻግረውና አብረን እንበላለን። ማለትም እኔ እበላለሁ።

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ረሃብ የሚባል ነገር ከሰውነቱ ወጥቶ ሄዷል። ሐኪሙ ሆዱን፣ ጥርሱን፣ ደሙን አይቶ ሁሉም ደህና ነው ብሎናል፤ ብቻ ይብላ፣ በዚህ ከቀጠለ ክረምቱን አይሻገርም ብሎኛል፣ ይህን እንኳ አባቴ ኮቱን ሲለብስ ጠብቆ በሹክሹክታ ነበር። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ የምበሳው እኔ ነኝ። አባቴ ምግብ አልጠላም። ነገሩ ሌላ ነው። እሱ በተማረው ትምህርት ሰው ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ «በቃኝ» ይላል፤ ከዚያ ይለመናል፤ እምቢ ይላል፤ ይቆጡታል፤ ከዚያ በኋላ ለሰው ብሎ፣ ውለታ እንደሚውል ሁሉ፣ ይበላል። እናቴ ይህን ሥራ በየቀኑ፣ ያለ በዓልና ያለ ዕረፍት ስትሠራ ኖራ ሞተች። ምትክ አልተቀጠረባትም።

ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ቅሬታ ማለቴ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ወንበሮቹ አመሰግናለሁ። አሮጌዎቹ ሰፋፊና የጎደጎዱ ነበሩ፣ ሰው አንዴ ከሰመጠባቸው ከነሐሳቡ ይረሳ ነበር፤ አዲሶቹ ቀጥ ያሉ፣ ቀዝቃዛና ወደፊት የሚገፉ በመሆናቸው ደንበኛው ሳይጠግብ የመነሳትን ጥቅም እየተማረ ነው። አባቴ መጀመሪያ ቀን ተቀምጦ ትንሽ ወዘወዘውና፣ ይሄ ወንበር ለአጭር መንገድ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ኮቱን አያወልቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምግቡ። ሳህኑ አድጎ ምግቡ አንሷል፤ ዓሣው በአንድ ጠርዝ ተጋድሞ ባዶውን ሜዳ ያያል፣ ካሮቶቹ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። በብሩሽ የተቀባችውን ቀይ መስመር እኔ፣ ቀኑን ሙሉ መስታወት የምወለውል ሰው፣ ቆሻሻ መስላኝ በእጅ መጥረጊያው ልጠርጋት ስል አስተናጋጁ በፈገግታ አስጣለኝ፤ ለካ ወጡ እሷ ኖራለች። ሆኖም እውነቱን መደበቅ አልችልም። ሾርባው ከድሮው ይበልጥ ይጣፍጣል። በጣም ይጣፍጣል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ምክንያት ይኖረን ነበር።

ሦስተኛ፣

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብድግ ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ዘግቼ መጣሁ። ሦስተኛው ስለ ኮስታራዋ ነው።

እርስዎ ሳይመጡ በፊት ይህችን አስተናጋጅ ደንበኛው ሁሉ ኮስታራዋ ይላት ነበር፤ ሲጠሯት ትሰማለች፣ ሲያሞግሷት አትሰማም። ፊቷ እንደ ሰኞ ጠዋት ነው። ሳህን ስታስቀምጥ ጠረጴዛው ያውቃል። ሰው ምግብ ሲያስተርፍ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች፣ ምንም ሳትል፣ እስኪያፍር። አባቴን አባባ ትለው ነበር፤ ማንም አላዘዛትም። ማንኪያውን ይዞ ሲቆይባት ከሦስት ጠረጴዛ ማዶ ሆና ሾርባው እግር የለው፣ ተነስቶ አይመጣልዎት ትላለች። በቃኝ ሲላት፣ የበቃዎት ምኑን ቀምሰው ነው ትለዋለች። እሱም አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ያሳዝነኛል ይላታል። እሷም ባል የለኝም፣ እርስዎን ከመቆጣት መች ጊዜ አገኘሁ ብላ ዳቦውን ራሷ ቆርሳ ሾርባው ውስጥ ትጨምርለታለች። አጠገባችን የሚቀመጠው ጠበቃ አንድ ቀን ሳህኑን አዙሮ እኔንም ቆጪኝ እስቲ ቢላት፣ እርስዎ ሳይቆጡም ይበላሉ ብላ አለፈችው። አባቴ ሳቀ። እየሳቀ አኘከ። እየቆየም ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ እኔም ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ፣ የሚበላ ሰው ሲያዩት ይተዋል እንደሚባለው።

ከዚያ እርስዎ መጡ። ከፍትፍቱ ፊቱ የሚለውን ተረት ሰምተው መሆን አለበት፣ አስቀድመው ፊቱን አሳመሩት። ሠራተኞቹ ሥልጠና ገቡ፤ ሲወጡ ሁሉም አንድ ዓይነት ፈገግታ ይዘው ወጡ፣ ልክ እኔ ሱቅ ውስጥ ከአንድ ካርቶን እንደሚወጣ የመነጽር ፍሬም። አባባ፣ እማማ፣ ወንድሜ፣ እህቴ መባባል ቀርቶ ሰው ሁሉ ውድ ደንበኛችን ሆነ። ከሁሉም በላይ ግን ያ ጥበብ የተሞላበት ደንብዎ ወጣ፦ ደንበኛ አንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ በቃኝ ካለ ይመሰገናል፤ ሳህኑ ይነሳል። ሁለተኛ መጠየቅ ማስጨነቅ ነው፤ ሦስተኛ መጠየቅ ደንበኛን መድፈር ነው።

ደንቡን በማክበር ኮስታራዋን የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሥራዋ እንጀራዋ ነው፣ የምታስተምራት እህትም አለቻት። ፈገግ ብላ መጣች፣ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ውድ ደንበኛችን፣ ምግቡ ተስማምቶዎታል ወይ አለችው። አባቴ ወደ ኋላው ዞሮ ማን እንደተጠራ አየ። ማንም አልነበረም። ከዚያ እንደ ተማረው በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ አለ፤ እንደ ተማረውም እስኪለመን ጠበቀ። እሷም እንደ ተማረችው አመሰገነችው። ሳህኑ ሙሉውን ተነሳ። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተያዩ፣ አንዱም ስህተት አልሠራም፣ አባቴ ግን ሳይበላ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ። በየማግስቱ።

አራተኛ፣ ስለ ጭብጨባው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ በትህትና የጠየቅሁት አንድ ነገር ነበር፦ ይህች ሴት አባቴን እንድትቆጣው ይፈቀድላት። እርስዎ ግን ለጋስ ስለሆኑ፣ ከለመንኩት አልፈው አባቴን የሳምንቱ ክቡር ደንበኛ አደረጉት። ምሳችንን ገና ሳናዝዝ መብራቱ ደመቀ፣ ሙዚቃው ቆመ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከነወጥ ቤቱ ተሰልፎ በእኛ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመ፣ ቁራሽ ኬክ መጣ፣ እርስዎም መሐል ሆነው ማጨብጨብ ጀመሩ።

ሊያውቁ አይችሉም፤ አልወቅስዎትም። አባቴ ጡረታ በወጣበት ቀን ጋራዡ ውስጥ ባልደረቦቹ እንዲሁ ከበው አጨብጭበውለት ነበር፤ በማግስቱ በሱ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አውቶቡሱን ይዞት አለፈ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዘንድ ጭብጨባ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ቀስ ብሎ ተነሳ። ባርኔጣውን አደረገ። ከተሰለፉት ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ተጨባበጠ፤ ለወጥ ቤቱ ልጆችህን ያሳድግልህ አለው፤ ኮስታራዋ ዘንድ ሲደርስ እጇን ይዞ ትንሽ ቆየ፤ ለእርስዎም፣ ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ ጎንበስ አለልዎት። ኬኩን ሳይነካ ወጣን። መንገዱን አሻግሬው ሱቄ በር ላይ ስንደርስ ቆመ።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ምንም፣ ክብር ነው የሰጡህ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። አላመነኝም፤ ግን አንድ ጊዜ ስለጠየቀ ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

ያልተመቸው ሰው ሌላ ቦታ ይሂድ እንዳይሉኝ፣ ሄደናል። ዕድሜ ለእርስዎ፣ አካባቢያችን በመልካም መስተንግዶ ምን ያህል የታደለ እንደሆነ ለማወቅ በቅተናል። ባንኩ ጀርባ ያለው ምግብ ቤት የምግቡ ዝርዝር በስልክ ነው የሚታየው፤ ስልኬን አባቴ እጅ ላይ ባስቀምጥለት ጆሮው ላይ አድርጎ ማነው አለ። ፋርማሲው አጠገብ ያለው ደግሞ አስተናጋጁ ከደንበኛው ዓይን እኩል ለመሆን ጠረጴዛው ሥር ቁጢጥ ብሎ ነው የሚታዘዘው፤ አባቴ ልጁ የጠፋበት ነገር መስሎት እሱም ጎንበስ ብሎ ይፈልግለት ጀመር፣ ሁለቱንም ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ሦስተኛው ቤት ሰው ምግቡን እንደ ልቡ ራሱ የሚያነሳበት ነው። እዚያ ተስፋ አድርጌ ነበር። አባቴ ባዶ ሳህን ይዞ ተሰለፈ፤ ከኋላው ለመጣው ሁሉ እለፍ፣ እለፊ እያለ፣ ለሴቶቹ፣ ለቸኮሉት፣ ለወጣቶቹ፣ ቦታ እየለቀቀ፣ ሩዙ አልቆ ድስቶቹ ሲነሱ እዚያው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ ነበር። ሳህኑ ንጹሕ ነበር። መልሶ አስረከባቸውና አመሰገናቸው።

ቁጥሩ የት እንደደረስኩ ጠፋብኝ። ይቀጥላል ብለው ይያዙልኝ።

ተመልሰን መጣን። ከእርስዎ የተሻለ ስላጣን ነው፤ ይህን እንደ አድናቆት ይውሰዱልኝ። ኮስታራዋ አየችን። አባቴን ከቀበቶው እስከ አንገቱ አየችው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ለሌላ ሰው የተሰፋ ይመስል ነበር። እርስዎ ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ቆመው ስለነበር ፈገግታዋን አላነሳችም፤ ሾርባውን አስቀመጠች፣ ውድ ደንበኛችን አለች፣ በቃኝ አላት፣ እጇን ወደ ሳህኑ ሰደደች። ከዚያ እጇ ቆመ። ከንፈሯ እንደሳቀ፣ ጥርሷ እንደታየ፣ ጎንበስ ብላ፣

«አባባ» አለችው፣ «ዛሬ ካልበሉ ሳህኑን ይዤ እዚሁ እቆማለሁ። እግሬ ሲያብጥ ኃጢአቱ የእርስዎ ነው።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት።

«ምነው ጠፍተሽ ከረምሽ?» አላት።

የትም አልጠፋችም ነበር። ከሥልጠናው ወዲህ እሱ እዚህ በተቀመጠ ቁጥር ፊቱ ቆማ ነበር። ማንኪያውን ሾርባው ውስጥ ነከረ። በላ። እሷ እየሳቀች ትቆጣዋለች፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ስለ አየር ጠባይ የሚያወሩ ይመስላሉ፤ እንዴት ያለ ሰው ነዎት፣ ሰው ሲጨነቅልዎ ደስ ይልዎታል አይደል፣ ያቺን ዳቦ ለማን ነው የሚያስቀምጧት ትለዋለች። ዳቦውንም በላ። ኮቱን አወለቀ። በዚያ ወንበር ላይ ኮቱን አወለቀ፣ ክቡር ሆይ።

እርስዎ ግን ጆሮዎ ንቁ ነው። በሳምንቱ ስንመጣ ሾርባውን ያመጣልን ሌላ ሰው ነበር፣ ፈገግታው ገና አዲስ። እርስዎ ራስዎ ወደ ጠረጴዛችን መጥተው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ሐሳብ እንዳይገባኝ፣ አባቴ ላይ ስለደረሰው የቃል ድፍረት ርምጃ መወሰዱን፣ ልጅቷ ዕቃ ማጠቢያው ጋ መመደቧን፣ ከእንግዲህ ወደ አዳራሹ እንደማትወጣ በአዘኔታ ነገሩኝ። አባቴን ከስድብ አዳኑት። እኔም

እኔም አመሰግናለሁ አልኩዎት።

አፌ ነው ያለው። ሁልጊዜም የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ ላይ የደብዳቤው ወግ አይፈቅድልኝም እንጂ አንድ ነገር ልንገርዎት፦ ሥልጠናዎ ሳይጀመር በፊት የሠለጠንኩ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ፊቴን አኮሳትሬ፣ ብላ እንጂ የሚለውን ቃል ተለማምጄ፣ ጠረጴዛው ጋ ስደርስ ከአፌ የሚወጣው አባዬ፣ ትንሽ ብትበላስ የሚል ነው። በቃኝ ይላል። እሺ እላለሁ። እሺ! ይቺን ቃል ያህል ቤት ያፈረሰች የለችም። ሳህኑን አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ከኋላዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ የሚጠብቀውን ነገር እየጠበቀ መሆኑን ሳልዞር አውቃለሁ። ሰውን መቆጣት የሚችለው የማይሄድበት ሰው ነው መሰለኝ። እኔ አባቴ ይሄድብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ስለምፈራ ትሁት ነኝ፤ ትሁት ስለሆንኩ እየሄደብኝ ነው። እርስዎ ምን እንደሚፈሩ አላውቅም። ደንቡን ያወጣ ሰው ግን አንድ ነገር ሳይፈራ አይቀርም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ይህችን ሴት ከማጠቢያው አውጥተው በምሳ ሰዓት ለአንዲት ጠረጴዛ ይመልሱልኝ። ፈገግ ማለት የለባትም። ሌላው ደንበኛ እንዳይሰቀቅ ከፈለጉ ጥጋችንን በመጋረጃ ይከልሉት፤ መጋረጃዎቹ ወፍራም ናቸው፣ ድምፅ አያሳልፉም። አባቴ ክቡር እንዲሆን አልለምንዎትም። ክቡርነቱ ይቅርበትና ሾርባውን ይጠጣ።

በዚህ ሁሉ ላጠፋሁት ውድ ጊዜዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለወለሉ፣ ለመጋረጃው፣ ለወንበሩ፣ ለቀይዋ መስመር፣ ለጭብጨባውና ለሁሉም ፈገግታዎች በአባቴና በራሴ ስም ዝቅ ብዬ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ሰውነትዎ ሳይከሳ፣ ቀበቶዎ ሳይበሳ፣ ከሚቆጣዎ ሰው ጋር ረጅም ዕድሜ እንዲሰጥዎ እመኛለሁ።

ሳይለመን የሚበላው ውድ ደንበኛዎ፣
የማዶው መነጽር ሠሪ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት ትናንት ደግሞ መጣን። አዲሱ አስተናጋጅ አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ አባቴ በቃኝ አለ፤ ሙሉው ሾርባ ተነሳ። እኔ የጨው ዕቃውን እያንቀሳቀስኩ ነበር። ቀና ስል አባቴ ተነስቶ ከሳህኑ ኋላ ይሄድ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ ጠረጴዛዎቹን በእጁ እየደገፈ፣ አስተናጋጁ በገባበት፣ ለሠራተኛ ብቻ የሚል በተጻፈበት በኩል። እርስዎ ከገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ሆነው «ውድ ደንበኛችን፣ በዚያ በኩል አይፈቀድም» ሲሉ ሰምቻለሁ። በጣም በትህትና ነበር ያሉት። አባቴ አልዞረም። እኔ እንደገና እስኪጠሩት ጠበቅሁ፤ እርስዎ ግን የደንብ ሰው ነዎት፣ ሁለተኛ አልተናገሩም። ከውስጥ፣ ከዕቃ ማጠቢያው፣ የውሃው ድምፅ ቆመ። እጁን በሩ ላይ አደረገ፣ ገፋው፣ ገባ።

በሩ ተዘጋ።